ባክቴሪያ ከፌጅ የሚያመልጠው መቼ ነው? የሉሪያና የዴልብሩክ ሙከራ አሠራር

በደንብ እያደገ ባለ የኢ ኮላይ ባክቴሪያ ካልቸር (በላብ የሚያድግ ዘር) ላይ ፌጅ፣ ማለትም ባክቴሪያን የሚያጠቃ ቫይረስ፣ ጨምሩና ጠብቁ። ደፍርሶ የነበረው ብሮዝ (ባክቴሪያው የሚያድግበት ፈሳሽ ምግብ) በአንድ ሁለት ሰዓት ውስጥ ውሃ መስሎ ይጠራል፤ ባክቴሪያዎቹ ፈንድተው አልቀዋል። ቱቦውን ሳትደፉ ብታሳድሩት ግን ጠዋት ስትመጡ እንደገና ደፍርሶ ይጠብቃችኋል። ከዚያ ድፍርስ ቀንሳችሁ ያንኑ ፌጅ በላይ በላዩ ብትጨምሩበት ምንም አይሆንም። ቫይረሱን የሚቋቋም ትውልድ ተነሥቷል።

ይህ ትውልድ ከየት መጣ? መቋቋምን የተማረው ፌጁ ሲነካው ነው፣ ወይስ ፌጁ ከመምጣቱ በፊትም እዚያው ነበር? የተማሪዎቼ የመጀመሪያ መልስ ሁልጊዜ "ተለማመዱት" የሚል ነው። አይደለም ብዬ በቃል ብነግራቸው ለፈተና ይጽፉታል እንጂ አያምኑትም። ስለዚህ ሙከራውን በእጃቸው እንዲሠሩት አደርጋለሁ። ይህን መመሪያ ያዘጋጀሁት የማይክሮባዮሎጂ ላብ ለሚያስተምሩ መምህራንና የመመረቂያ ሥራ ለሚፈልጉ ተማሪዎች ነው። ዝግጅቱን ሳይጨምር አራት ቀን ይፈጃል። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ሐሳቡ ይግባችሁ

ፍሬደሪክ ቱዎርት በ1915፣ ፌሊክስ ደሬል በ1917 ስለ ፌጅ ከጻፉ በኋላ የጠራው ብሮዝ ተመልሶ መደፍረሱን ያላየ ተመራማሪ አልነበረም። ምክንያቱ ግን ለዓመታት አከራካሪ ሆኖ ቆየ። ቁልፉን ያገኘው ከፋሺስት ጣሊያን የተሰደደው ሳልቫዶር ሉሪያ ነው። በ1943 መጀመሪያ ላይ በኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ የመምህራን የጭፈራ ምሽት ላይ አንድ ባልደረባው በቁማር ማሽን ሲጫወት ይመለከት ነበር። ሰውየው ደጋግሞ ሳንቲም ያስገባል፣ ምንም አያገኝም፤ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ ሳንቲሙ ተዘረገፈለት። ሉሪያ ያየውን ይዞ ወደ ላቡ ሄደ። ለወዳጁ ለፊዚክስ ሰው ለማክስ ዴልብሩክ ጻፈለት፤ በናሽቪል በቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ የነበረው ዴልብሩክም ሂሳቡን ሠራለት። ሥራው በዚያው ዓመት ታተመ። በ1969 ሁለቱ ከአልፍሬድ ሄርሺ ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ባክቴሪያዎች የጀመሩ 20 ትንንሽ ካልቸሮች አሉን እንበል። እያንዳንዱን ለየብቻ አሳድገን በየሳህኑ ላይ ከፌጅ ጋር እንቀባዋለን። መቋቋም የሚፈጠረው ፌጁ ሲነካ ከሆነ እያንዳንዱ ባክቴሪያ ያለው ዕድል እኩል ነው፤ ስለዚህ በየሳህኑ የሚተርፉት ተቀራራቢ ይሆናሉ፣ አንዱ 9፣ አንዱ 12፣ አንዱ 10።

መቋቋም በዕድገት ላይ ሳሉ በአጋጣሚ ሚውቴሽን የሚፈጠር ከሆነ ግን ነገሩ የዘር ሐረግ ጉዳይ ይሆናል። ለውጡ በቅድመ አያት ላይ ከደረሰ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ልጅ ይወርሱታል፤ ያ ቱቦ በመቶ የሚቆጠር ተቋቋሚ ይዞ ይገኛል። ለውጡ በመጨረሻው ትውልድ ላይ ከደረሰ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይተርፋሉ። በብዙዎቹ ቱቦዎች ደግሞ ጨርሶ አይደርስም። እንግዲህ የምንፈልገው መልስ ያለው በአማካዩ ውስጥ አይደለም፤ በቱቦዎቹ መካከል ባለው መራራቅ ውስጥ ነው። ከዚህ በታች ያለው ጥንቃቄ ሁሉ ያንን መራራቅ ሌላ ነገር እንዳያበላሸው ነው።

የሚያስፈልገው

ባክቴሪያው በሽታ የማያመጣው የላብ ዝርያ ኢ ኮላይ ቢ ነው። ፌጁ ሉሪያ የተጠቀመበት ቲ1 ሊሆን ይችላል። ሁለቱንም ከታወቀ የረቂቅ ሕዋሳት ማከማቻ ወይም ከምታምኑት ላብ ውሰዱ፤ ከሰው ወይም ከፍሳሽ በተገኘ ያልታወቀ ዝርያ አትሥሩ።

ስለ ቲ1 አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ይህ ፌጅ ደርቆም አይሞትም፤ በአየርና በአቧራ ይዛመታል። ክፍላችሁ ኢ ኮላይን ለጂን ክሎኒንግ ወይም ለሌላ ምርምር የሚጠቀም ከሆነ ቲ1ን በበሩ አታስገቡ። የባልደረቦቻችሁን ካልቸር እየደጋገመ ሲያጠፋ ማንም ምክንያቱን በቶሎ አይደርስበትም። እንዲህ ባለ ቦታ ቲ4 ተጠቀሙ፤ አሠራሩ አንድ ነው፣ ቁጥሮቹን ግን በአራተኛው እርምጃ ባለው የቅምሻ (ትንሽ የቅድሚያ) ሙከራ ታስተካክላላችሁ።

ሌላው ዕቃ የተለመደው ነው፦ 37 ዲግሪ የሚይዝ ኢንኩቤተር፣ አውቶክሌቭ፣ 50 የሚሆን የፔትሪ ሳህን፣ 30 ትንንሽ ክዳን ያላቸው ቱቦዎች፣ ፒፔቶች፣ የመስታወት መቀቢያ ዘንግ፣ የእሳት ማቀጣጠያ፣ ሴንትሪፊዩጅ፣ ጥቂት ክሎሮፎርም።

1. ሚዲያ ማዘጋጀት

ለኤልቢ ብሮዝ በአንድ ሊትር ውሃ ትሪፕቶን 10 ግራም፣ የእርሾ ጭማቂ 5 ግራም፣ የገበታ ጨው 10 ግራም ጨምሩ። ለሳህን የሚሆነው ላይ አጋር 15 ግራም፣ ለስላሳው አጋር ላይ 7 ግራም በሊትር ይጨመራል። ለማቅጠኛ 0.85 በመቶ የጨው ውሃ አዘጋጁ። ሁሉንም በ121 ዲግሪ ለ15 ደቂቃ አምክኑ።

አውቶክሌቭ አጥታችሁ በፕሬሸር ድስት የምታመክኑ ከሆነ የምትኖሩበትን ከፍታ አስቡ። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ ውሃ እዚህ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። 15 ፓውንድ ግፊት የሚይዝ ድስት በባሕር ጠለል ላይ 121 ዲግሪ ይደርሳል፤ በአዲስ አበባ ግን የውጪው አየር ግፊት ዝቅ ስለሚል የሚደርሰው ወደ 117 ዲግሪ አካባቢ ነው። አራት ዲግሪ ትንሽ ትመስላለች፤ የማምከን ኃይሉን ግን ከግማሽ በታች ታወርደዋለች። ስለዚህ ሰዓቱን ወደ 40 ደቂቃ አርዝሙት። ከመመሪያ መጽሐፍ ላይ "15 ደቂቃ" የሚለውን እንዳለ ወስደን ሚዲያችን ስንት ጊዜ እንደተበላሸብን!

ሳህኖቹን ካፈሰሳችሁ በኋላ አንድ ሌሊት በክፍሉ ሙቀት አሳድሯቸው። ፊታቸው በደንብ ካልደረቀ የምትቀቡት ፈሳሽ ይንሳፈፍና ኮሎኒዎቹ (እያንዳንዳቸው ከአንድ ባክቴሪያ የበዙት ክምሮች) ይዋሃዳሉ፤ ያን ጊዜ የምትቆጥሩት ነገር አይኖርም።

2. ፌጁን ማብዛት

ኢ ኮላይ ቢን በ10 ሚሊ ሊትር ኤልቢ ውስጥ እየነቀነቃችሁ አሳድጉና ገና መደፍረስ ሲጀምር ጥቂት ጠብታ የፌጅ ክምችት ጨምሩበት። ብሮዙ ሲጠራ፣ የባክቴሪያ ቅርፊት የሆነ ስስ ክር ሲንሳፈፍበት ታያላችሁ። አምስት ስድስት ጠብታ ክሎሮፎርም ጨምራችሁ ነቅንቁ፤ የቀሩትን ባክቴሪያዎች ይገድላል፣ ፌጁን አይነካም። በሴንትሪፊዩጅ አዙራችሁ ከላይ ያለውን የጠራ ፈሳሽ ወደ ንጹሕ ቱቦ አዛውሩ፤ ከታች የረጋውን ክሎሮፎርም ይዛችሁ እንዳትመጡ። ሳህን ላይ የሚደርስ ክሎሮፎርም ባክቴሪያውን ስለሚገድል ውጤቱን ሁሉ ያሳስታል።

ፌጁን ማብዛት ያለባችሁ በዚያው በምትሠሩበት ዝርያ ላይ ነው። ሉሪያና ሜሪ ሂውማን በ1952 እንዳሳዩት ፌጅ የበቀለበት ባክቴሪያ ምልክት ይዞ ይወጣል፤ ሌላ ዝርያ ውስጥ ሲገባ ባዕድ ተደርጎ ሊቆራረጥ ይችላል። ዲ ኤን ኤ ቆራጭ ኤንዛይሞች የተገኙት ይህን እንቆቅልሽ በመከተል ነው።

3. ፌጁን መቁጠር

ክምችቱን በብሮዝ በአሥር በአሥር እጥፍ እያቀጠናችሁ እስከ አንድ መቶ ሚሊዮንኛ ድረስ ሂዱ። ከመጨረሻዎቹ ሦስት ማቅጠኛዎች 0.1 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ ከ0.2 ሚሊ ሊትር ትኩስ ባክቴሪያ ጋር ቀላቅሉ፤ 45 ዲግሪ ላይ በቆየ 3 ሚሊ ሊትር ለስላሳ አጋር ውስጥ ጨምራችሁ ሳህን ላይ አፍስሱ። በማግስቱ ደብዛዛው የባክቴሪያ ምንጣፍ ላይ ጥርት ያሉ ክቦች፣ ፕላክ የሚባሉት፣ ይታያሉ። እያንዳንዱ የአንድ ፌጅ ዘር ነው። ከ30 እስከ 300 ፕላክ ያለበትን ሳህን ቁጠሩ። በአንድ ሚሊዮንኛ ማቅጠኛ 150 ፕላክ ካገኛችሁ ክምችቱ በሚሊ ሊትር 1.5 × 10⁹ ፌጅ አለው ማለት ነው።

የምትፈልጉት በሚሊ ሊትር 10¹⁰ ወይም ከዚያ በላይ ነው። ካነሰ እርምጃ 2ን በብዛት ድገሙ። እዚህ ላይ መቸኮል ዋጋ ያስከፍላል። ፌጁ ካነሰ ፌጅ ሳይነካቸው የቀሩ ተራ ባክቴሪያዎች ተቋቋሚ መስለው ይበቅላሉ።

4. ቅምሻ ሙከራ

ይህን እርምጃ ብዙ መመሪያዎች አይጽፉትም፤ እኔ ግን ከሁሉ አብልጬ የምመክረው ይህን ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ትንንሾቹን ቱቦዎች በሙሉ ኃይል ኤልቢ አሳደግናቸው። ካልቸሩ ወፍሮ ስለበቀለ በእያንዳንዱ ቱቦ ውስጥ በርካታ ሚውቴሽኖች ተፈጠሩ፤ ከሃያው ሳህን አንድም ባዶ አልተገኘም። መራራቁ ቢታይም በኋላ የምትፈልጉትን የሚውቴሽን መጠን ለማስላት የሚያስፈልጉት ባዶ ሳህኖች ናቸው። የሳምንት ሥራ በዚህ ጠፋ።

አሁን የማደርገው ኤልቢን አንድ እጅ፣ የጨው ውሃን ዘጠኝ እጅ አድርጎ ማቅጠን ነው። ምግቡ ሲያንስ ካልቸሩ ቶሎ ይቆማል፤ በቱቦው ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች በአሥር ሚሊዮኖች ይወሰናሉ። ከዋናው ሙከራ በፊት በዚህ ቀጭን ብሮዝ አራት ቱቦ ብቻ አሳድጋችሁ ከፌጅ ጋር ቀቡ። ሁሉም ባዶ ከሆኑ ብሮዙን ትንሽ አወፍሩት፤ ሁሉም ሞልተው ከመጡ ይበልጥ አቅጥኑት። ከአራቱ አንዱ ወይም ሁለቱ ባዶ፣ ሌሎቹ ጥቂት ኮሎኒ ይዘው ቢወጡ ጥሩ ነው።

5. ቱቦዎቹን መዝራት

ሌሊቱን ካደረ የኢ ኮላይ ቢ ካልቸር ተነሥታችሁ በቀጭኑ ብሮዝ አንድ መቶኛ፣ እንደገና አንድ መቶኛ፣ እንደገና አንድ መቶኛ አቅጥኑ። በሚሊ ሊትር ከአንድ ሺህ እስከ ጥቂት ሺህ ባክቴሪያ ይቀራል። ይህን ያህል ማቅጠን ያስፈለገው ሌሊቱን ባደረው ካልቸር ውስጥ ቀድሞውኑ ተቋቋሚዎች ስላሉ ነው። እነሱን ወደ ቱቦዎቹ ይዛችሁ ከገባችሁ ሁሉም ቱቦ ከአንድ ቦታ የወረሰውን ያሳያችኋል፣ ሙከራውም ትርጉም ያጣል። በጥቂት መቶ ባክቴሪያ ስትጀምሩ ግን ከመካከላቸው ተቋቋሚ የመገኘቱ ዕድል ከቁጥር አይገባም።

ከዚያ ድብልቅ፦

በ23 ትንንሽ ቱቦዎች ውስጥ 0.2 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። 20ው ለሙከራው፣ 3ቱ ጠቅላላ ባክቴሪያ ለመቁጠር ነው።

በአንድ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ 10 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ይህ የጋራ ካልቸር ነው፤ ማወዳደሪያችሁ እሱ ነው።

ሁሉንም በ37 ዲግሪ ከ18 እስከ 24 ሰዓት አስቀምጡ። ትንንሾቹ ቱቦዎች እንዳይደርቁ ክዳናቸውን ግጠሙ፣ ኢንኩቤተሩ ውስጥም ውሃ የያዘ ሳህን አስገቡ። መብራት ቢቋረጥ አትደናገጡ። ሁሉም በአንድ መደርደሪያ ላይ እስካሉ ድረስ አብረው ይዘገያሉ፤ የጠፋውን ሰዓት ጨምሩላቸውና ዕድገታቸው እስኪቆም ጠብቁ። አደገኛው ነገር ግማሹን ቱቦ በሌላ ኢንኩቤተር ማስቀመጥ ነው፤ ያን ጊዜ የሙቀት ልዩነት የሚያመጣውን መራራቅ የሚውቴሽን ሥራ ብላችሁ ልትወስዱት ትችላላችሁ።

6. መቀባት

ከመቀባታችሁ በፊት 32 ሳህን ላይ ለእያንዳንዱ 0.1 ሚሊ ሊትር የፌጅ ክምችት ቀብታችሁ አድርቁ። በየሳህኑ አንድ ቢሊዮን ገደማ ፌጅ ይኖራል፤ ከሚመጡት ባክቴሪያዎች በብዙ እጥፍ ይበልጣል።

ከዚያ የ20ውን ቱቦ ይዘት ለእያንዳንዱ የራሱ ሳህን ሰጥታችሁ ሙሉውን ቀቡ። ናሙና አይወሰድም፤ ቱቦው ውስጥ ያለው ሁሉ ይወጣል። ከጋራው ጠርሙስ ደግሞ አሥር ጊዜ 0.2 ሚሊ ሊትር ወስዳችሁ በአሥር የፌጅ ሳህኖች ላይ ቀቡ። ዘንጉን በየመሃሉ በአልኮል ነክራችሁ አቃጥሉ፤ በደንብ ቀዝቅዞ ይንካ።

የቀሩት ሁለት የፌጅ ሳህኖች ባክቴሪያ አይቀባባቸውም። አንድ ኮሎኒ እንኳ ከበቀለባቸው ክምችታችሁ ተበክሏል፤ ቁጥሩን ሁሉ ጣሉት። ማንም ተማሪ ይህን መስማት አይወድም፣ ግን ሌላ መንገድ የለም።

ለጠቅላላ ቆጠራ ሦስቱን ቱቦዎች እስከ አንድ መቶ ሺህኛ በጨው ውሃ አቅጥናችሁ 0.1 ሚሊ ሊትር ፌጅ በሌለበት ሳህን ላይ ቀቡ።

7. መቁጠር

ሁሉንም በ24 ሰዓት ቁጠሩ። ከዚያ በኋላ የሚመጡ ድንክዬ ኮሎኒዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ሳህኑ ላይ ከተቀቡ በኋላ የተፈጠሩ ናቸው። ዘግይታችሁ ቆጥራችሁ ከቀደመው ጋር አትደምሩ። ውጤቱን ስም ሳትሰጡ፣ ባዶውንም "0" ብላችሁ በተራ ጻፉ። ባዶ ሳህን የከሸፈ ሳህን የሚመስለው ተማሪ አይጠፋምና አስቀድማችሁ ንገሩት፤ ዜሮ እዚህ ውጤት ነው።

8. ሂሳቡ

የሉሪያና የዴልብሩክ አንዱ ሙከራ 20 ቱቦ ነበረው። የተቆጠረው እንዲህ ነበር፦ 1፣ 0፣ 3፣ 0፣ 0፣ 5፣ 0፣ 5፣ 0፣ 6፣ 107፣ 0፣ 0፣ 0፣ 1፣ 0፣ 0፣ 64፣ 0፣ 35። እባካችሁ ቁጥሮቹን ሳታልፉ አንድ በአንድ አንብቧቸው። 107ቷ ከዜሮዎች መካከል ብቻዋን ቆማለች። ሉሪያ በጭፈራው ምሽት ያያት የተዘረገፈች ሳንቲም እሷ ናት።

አማካዩ 11.35 ነው። ቫሪያንሱን ስታሰሉት፣ ማለትም እያንዳንዱ ቁጥር ከአማካዩ የራቀውን በራሱ አባዝታችሁ አማካዩን ስትወስዱ፣ ከ700 በላይ ይሆናል፤ የአማካዩ 60 እጥፍ ማለት ነው። ፌጁ ሲነካ የሚፈጠር መቋቋም ቢሆን ኖሮ ሁለቱ ቁጥሮች በግምት እኩል መሆን ነበረባቸው። ከአንድ የጋራ ካልቸር የተወሰዱት ናሙናዎች ግን እንዲያ አልተራራቁም፤ በአንደኛው ሙከራ አሥሩም ከ13 እስከ 26 ባለው መካከል ነበሩ። ባክቴሪያው ያው፣ ፌጁ ያው፣ አቀባቡ ያው ነው። የተለየው የኋላ ታሪካቸው ብቻ ነው። እናንተም የራሳችሁን 20 እና የራሳችሁን 10 በዚሁ መንገድ አስሉና አጠገብ ለአጠገብ ጻፉ።

አሁን የሚውቴሽኑን መጠን ፈልጉ። አማካዩን አትጠቀሙ፤ አንዲት 107 ብቻዋን ታዛባዋለች። ባዶ ሳህኖችን ተጠቀሙ። ከላይ ከ20ው 11ዱ ባዶ ናቸው፤ 0.55 ማለት ነው። በካልኩሌተር የ0.55ን የተፈጥሮ ሎጋሪዝም ስትወስዱ 0.6 ገደማ ከመቀነስ ምልክት ጋር ታገኛላችሁ፤ ምልክቱን ጣሉት። በአንድ ቱቦ ውስጥ በአማካይ 0.6 ሚውቴሽን ተፈጥሯል። ይህን ለአንድ ቱቦ ባክቴሪያ ብዛት አካፍሉ። ለልምምድ ያህል ቱቦው ውስጥ 3 × 10⁷ ባክቴሪያ ነበር ብንል፣ 2 × 10⁻⁸ ይመጣል፤ በሃምሳ ሚሊዮን ባክቴሪያ አንድ። የሉሪያና የዴልብሩክ ግምትም በዚህ ደረጃ ላይ ያለ ነበር። ባዶ ሳህኖቹ ከአሥር በመቶ ካነሱ ወይም ከሰባ በመቶ ከበለጡ በዚህ መንገድ አታስሉ፤ ብሮዙን አስተካክላችሁ ድገሙት።

9. ያመለጡት በየትኛው በር እንዳመለጡ መለየት

ብዙ መምህራን ቆጠራው ካለቀ በኋላ ሳህኑን ይጥላሉ። እኔ ደግሞ ደስ የሚለኝ ከዚህ በኋላ ያለው ነው።

ከተለያዩ ሳህኖች ስምንት ያህል ኮሎኒ ምረጡ። ላያቸው ላይ ፌጅ ተጣብቋልና ንጹሕ ሳህን ላይ በመስመር እየበተናችሁ ሦስት ጊዜ አሳልፏቸው። ከዚያ በአዲስ ሳህን መሃል ላይ በቲ1 አንድ ቀጥ ያለ መስመር አስምሩ፤ ሲደርቅ እያንዳንዱን ባክቴሪያ ከግራ ወደ ቀኝ መስመሩን አቋርጣችሁ ሳቡት። የመጀመሪያው ዝርያ መስመሩ ጋ ሲደርስ ይቆማል። ተቋቋሚው ሳይቋረጥ ያልፋል።

ቲ5 ካላችሁ በሁለተኛ ሳህን ያንኑ ድገሙ። ውጤቱ ሁለት ቡድን ያወጣላችኋል። አንዳንዶቹ ሁለቱንም ፌጅ ይቋቋማሉ፤ ሌሎቹ ቲ1ን ተቋቁመው በቲ5 ይሞታሉ። ምክንያቱ ይህ ነው። ቲ1ም ቲ5ም ኢ ኮላይን የሚይዙት ኤፍ-ኤች-ዩ-ኤ በሚባል የውጪ ሽፋን ፕሮቲን ነው። ይህ ፕሮቲን ለፌጅ ተብሎ የተሠራ አይደለም፤ ሻጋታዎች ከሚያመነጩት ፌሪክሮም ጋር የተያያዘ ብረትን ወደ ውስጥ የሚያስገባ በር ነው። በሩ ከጠፋ ሁለቱም ፌጆች መያዣ ያጣሉ። ቲ1 ግን በሩን ከያዘ በኋላም ቶንቢ የሚባል፣ ከውስጥ ሽፋን ጉልበት የሚያቀብል ፕሮቲን ይፈልጋል፤ ቲ5 አይፈልግም። ስለዚህ በቲ5 የሞቱት በራቸው አለ፣ ቶንቢያቸው ነው የተበላሸው።

ማምለጥ ዋጋ አለው። ቶንቢ የሌለው ባክቴሪያ ብረት የሚያገኘው በችግር ነው። የቶንቢ ጂን ትሪፕቶፋን ከሚሠሩት ጂኖች አጠገብ ስለሚገኝ አንዳንዴ ሁለቱ አብረው ተቆርጠው ይወድቃሉ፤ እንዲህ ያለው ተቋቋሚ ትሪፕቶፋን በሌለበት ቀላል ሚዲያ ላይ ጨርሶ አይበቅልም። ይህን ሚዲያ ማዘጋጀት ከቻላችሁ ስምንቱንም ሞክሩበት።

ይህ የሳህን ላይ ጨዋታ ብቻ አይደለም። በተብሊሲ ያለው የኤሊያቫ ተቋም ከ1923 ጀምሮ የሚሠራበት የፌጅ ሕክምና ዛሬ አንቲባዮቲክ ላልበገራቸው ባክቴሪያዎች እንደገና ተስፋ ተደርጎበታል፤ የሚፈራውም ይኸው መቋቋም ነው። መፍትሔው ብዙ ፌጆችን ቀላቅሎ መስጠት ነው ይባላል። ትክክል ነው፣ በተለያየ በር የሚገቡ ከሆነ ብቻ። ቲ1ን ከቲ5 ቢቀላቅሉ አንዲት ሚውቴሽን ሁለቱንም ታስቀራለች። ተማሪው ይህን በሁለት ሳህን በዓይኑ ሲያየው ከየትኛውም ገለጻ በላይ ይገባዋል።

10. ማጽዳት

የተሠራባቸውን ሳህኖችና ቱቦዎች ሁሉ ከመጣላችሁ በፊት በአውቶክሌቭ አሳልፉ። ጠረጴዛና ፒፔት አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውሃ ጋር ይታጠብ፤ በቲ1 ከሠራችሁ የኢንኩቤተሩን ውስጥ፣ የበር እጀታና የማቀዝቀዣ መክፈቻ አትርሱ። አልኮል ብቻውን አይበቃም።

11. ሙከራው በሌላ ባክቴሪያ ሌላ መልስ ሲሰጥ

ሁሉም መቋቋም ፌጁ ከመምጣቱ በፊት የተፈጠረ ነው ብላችሁ ካስተማራችሁ ተማሪዎቻችሁን ታሳስታላችሁ። ሉሪያና ዴልብሩክ ያሳዩት ለኢ ኮላይ ቢና ለቲ1 ነው። በ2007 የዳኒስኮ ኩባንያ ተመራማሪዎች ከካናዳ ባልደረቦቻቸው ጋር እርጎና አይብ ለመሥራት በሚያገለግለው ስትሬፕቶኮከስ ተርሞፊለስ ላይ ሌላ መንገድ አሳዩ። ከፌጅ ጥቃት የተረፉት ባክቴሪያዎች ከፌጁ ዲ ኤን ኤ ቁራጭ ወስደው ክሪስፐር በሚባለው የራሳቸው ዲ ኤን ኤ ክፍል ውስጥ አስገብተው ተገኙ። ያ ቁራጭ ሲወገድ መቋቋሙም ጠፋ። እዚህ ላይ ማስታወሻው የሚጻፈው ፌጁ ሲገባ ነው።

ሌላው የላብ ዝርያ ኢ ኮላይ ኬ-12 የክሪስፐር ጂኖች አሉት፤ በተራ የላብ ሁኔታ ግን ኤች-ኤን-ኤስ በሚባል ፕሮቲን ታፍነው ስለሚኖሩ የምታገኙት ተቋቋሚ በአብዛኛው የበር ሚውቴሽን ነው። ስትሬፕቶኮከስ ተርሞፊለስን ከፌጁ ጋር ማግኘት የቻለ ላብ ግን ሁለቱን መንገዶች መለየት ይችላል። የፌጅ ሳህን ላይ የተረፉትን ኮሎኒዎች እንደ እርምጃ 9 ከፌጁ አጽዱ፤ ከዚያ ክሪስፐር 1 የሚባለውን ክፍል፣ አዲስ ቁራጭ የሚገባበትን ጫፍ ጨምራችሁ፣ በፒሲአር (የዲ ኤን ኤ ማባዣ ዘዴ) አብዙና ከወላጁ ዝርያ ጋር ጎን ለጎን ዲ ኤን ኤን በርዝመቱ በሚለይ ጄል ላይ ሩጡት። እያንዳንዱ አዲስ ማስታወሻ 30 ያህል የዲ ኤን ኤ ፊደል ያለው የፌጅ ቁራጭና 36 ፊደል ያለው ድግግሞሽ፣ በድምሩ 66 ፊደል ይጨምራል። በጄሉ ላይ የሚታየው የዲ ኤን ኤ መስመር (ባንድ) ከወላጁ በዚያን ያህል ከፍ ብሎ ከታየ ባክቴሪያው ፌጁን መዝግቦታል። በሁለት ወይም በሦስት እጥፉ ከፍ ካለ ደጋግሞ መዝግቦታል። ከወላጁ እኩል ከሆነ ያ ኮሎኒ ያመለጠው በሌላ መንገድ ነውና ክሪስፐሩን ትታችሁ የፌጁን መያዣ በር መርምሩ።